እቴቴ የምትደገፈው ግድግዳ

መስከረም 20

ለጋሼ፣

ጤናዎን በመጠየቅ ልጀምር ብዬ ብዕር ሳነሳ እቴቴ ከሳሎን «ጉልበቱን አስቀድሚ!» ብላ ጮኸችብኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቀጥሎ የቀረው አካልዎ እንዴት ከርሟል? እኛ ተመስገን ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ከጎረቤት አልተጣላንም፣ እቴቴም እንደ ልማዷ «ደህና ናት በዪው፤ ደህና ባልሆንም ደህና ናት በዪው» ብላለች።

ባለፈው «እህቴን ለምን በስልክ አታገናኚኝም?» ብለውኝ ነበር። ጠየቅኳት። ዕድሜዋን ስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የጨረሰች ሴት መልሷ አጭር ነው፦ «እኔ ጡረታ ስወጣ ስልክም አብሮኝ ወጥቷል። የሰው ድምፅ ጠግቤያለሁ።» ይኸው ዓለሙ ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ ሲዞር እኔና እርስዎ ቴምብር እንልሳለን።

ዓይኗ በጣም ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ፊደል ግን ከተሰናበታት ቆይቷል። ቤት ውስጥ ግን የሚያግዳት የለም። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ከእኔ ቀድማ ኩሽና ትገባለች። ደብዳቤዎን እኔ አነብላታለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። የተከፈተ ዓይን ጆሮ ያደነቁራል ትላለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እንደሚያውቁት ስቱዲዮው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ነው የማነሳው። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ከደረቱ ላይ እቆርጠዋለሁ፣ ይወጣል። ከደረት በታች ያለውን የሰው ልጅ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት የለም። ቤት ስገባ ታዲያ የቀረው ገላ ያሳዝነኛል። ስለዚህ አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ፦ ሰውነት ቤት ውስጥ የት የት እንደሚያርፍ ማንሳት። ኮሪደሩ ላይ፣ ከውጭ በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ያስታውሱታል? ቀለሙ በትከሻ ልክ ወይቧል። የኩሽናው ደፍም በእግር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ ራሱ እንዲያነሳ አዝዤው፣ ሮጬ ሄጄ ገላዬን እዚያ ቦታ ላይ አስገባዋለሁ። ጌጥ የለው፣ ዕቃ የለው፤ ሰው እና ቤት ብቻ። አንዱን ልኬልዎታለሁ። ዘመዶቻችን ፎቶ ማለት ሰርግ ስለሚመስላቸው የማማክረው እርስዎን ብቻ ነው፤ በሰው አገር ሙዚየም ሲጠብቅ የሚውል ሰው ሌላ የለንም።

እናቴ ለሁለታችሁ የአክስት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እኔ ግን ለእቴቴ ልጇ ነኝ፣ ለእርስዎም እንዲሁ መሆን አምሮኛል።

ብልጭታ

ኅዳር 3

ለልጄ ለብልጭታ፣

ሌላ ስም እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፎቶ ቤት ከገባሽ ጀምሮ የፊተኛው ጠፍቶኛል። ሰላምታዬ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓሮው ይድረስ። እቴቴን ጉልበቴ ሰላም ብሏታል በያት። ደረጃ ስወጣ ያወራል፣ ስወርድ ያማል፤ ከዚህ ሌላ ቅያሜ የለንም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ባትጠይቂም ልንገርሽ። በአንድ አዳራሽ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ዕቃውን እንዳይነካ አያለሁ። የታሪክ መምህር ሳለሁ ተማሪዎቹ አይሰሙኝም ነበር፤ አሁን ጎብኚዎቹ አያዩኝም። እድገት ነው። የምጠብቃቸው ሁሉ ደግሞ ልብስ የላቸውም፦ አንገቱ የተቆረጠ የድንጋይ ሰውዬ፣ ገንዳ ውስጥ የተኛች ሴት፣ ጀርባዋን የሰጠችን ሌላ ሴት። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ እውል ነበር። አሁን እንደ ጎረቤት ሆነናል፤ ጠዋት ስገባ ሰላም ልላቸው ይቃጣኛል።

ፎቶሽን ብዙ አየሁት። መጀመሪያ ግድግዳውን አየሁ። ቀጥሎ የተሰቀለ ካፖርት መሰለኝ። ካፖርቱ እግር ሲያወጣ አንቺ ሆንሽ። ጥሩ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ቢሰቀል ሰው ከፊቱ ቆሞ አገጩን ያሻል፤ እዚህ የአድናቆት ምልክቱ እሱ ነው። ነገር ግን ሥራ ፈት ዓይን ያለው ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር አይቼብሻለሁ። የወየበው ቦታ ከትከሻሽ በታች ነው። የሰው ጫማ ያደረግሽ ትመስያለሽ። ልኩ አንቺ አይደለሽም።

የኔ ክፍል እንዴት ነው? መስኮቱ አሁንም በክርን ካልተመታ አይከፈትም? ስታነሺ ክፍሌንም አንሺልኝ። በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ጋሼሽ

ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

ለደረሰን ደብዳቤ እጅ እንነሳለን። ካነበብኩላት በኋላ እቴቴ «ልኩ አንቺ አይደለሽም» የምትለዋን ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳል እስኪይዛት ድረስ። እኔ ግን ተናድጄ ወደ ኮሪደሩ ሄድኩና ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ትከሻዬን ከወየበው ቦታ ላይ ለማስተካከል ስታገል፣ ከኋላዬ መጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠርኩ ነው።»

«ነይ ውጪ ከዚያ። ቦታው የኔ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከሥራ ስገባ ጫማዬን የማወልቀው እሱን ተደግፌ ነው። ስንት ዘመን! አንቺ የሰው ቦታ ላይ ምን ያንጠለጥልሻል?»

ከዚያ ዞር ብላ ትከሻዋን ሰጠችው። ጋሼ፣ ቁልፍ ወደ ቀዳዳው እንደሚገባ ነው የገባችው። አንድ እግሯን አጠፈች፣ ግራ እጇን ወደ ተረከዟ ላከች፣ ራሷንም ግድግዳው ላይ ጣል አደረገችው። ካሜራ መኖሩን የረሳች መሰለኝ። አነሳኋት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእሷ ሆነ፤ እኔ መብራት ያዥ ነኝ። ጠዋት ስትነሳ «ዛሬ የት ነው የምንቆመው?» ትለኛለች። በመዳፏ እየዳበሰች ራሷ ቦታ ትመርጣለች። «እዚህ ሳለቅስ የምቀመጥበት ነው» ትላለች፤ «መቼ አልቅሰሽ ነው?» ስላት «አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ» ትልና ታልፈዋለች። ጉልበቷን አመመኝ ማለት ትታለች። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሙቀት ሲሆን ቀዝቃዛውን ግድግዳ አቅፋ እንደምትቆም እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ልታሳየኝ ገባችና ሸሚዟን መፍታት ጀመረች።

«እቴቴ፣ እሱ እንኳ አያስፈልግም።»

«ሸሚዝ ለብሼ ነው እንዴ ገላዬን የማቀዘቅዘው? የውሸት ፎቶ ልታነሺ ነው?»

ሦስት ልኬልዎታለሁ። አንዱ ኮሪደሩ ነው። ሁለተኛው መታጠቢያ ቤቱ ነው፤ የግድግዳው ስንጥቅ ከእሷ አከርካሪ ላይ የጀመረ እንደሚመስል ልብ ይበሉልኝ፤ እኔ አይደለሁም ያደረግኩት። ሦስተኛው የእርስዎ ክፍል ነው። አልጋው በምስጥ ስላለቀ አውጥተነዋል፤ ምልክቱ ወለሉ ላይ ቀርቷል። እዚያ ምልክት ላይ ጋደም አለች፤ ከመሃል ሳይሆን ጫፉ ላይ። «መሃል ሁኚልኝ እንጂ» ስላት «እኔ የምተኛው ዳር ነው» አለችኝ። መስኮቱ አሁንም ክርን ይፈልጋል።

ፎቶዎቹን ስሰጣት ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች፣ ታርቃለች፣ ጥላ ብቻ ነው የምታየው። «ምን እመስላለሁ?» አለችኝ። «ቤቱን ትመስያለሽ» አልኳት። አሰበችበትና «እንግዲያው ደህና ነው፤ ቤቱ ገና አልፈረሰም» አለች።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ትንሽ የሥዕል አዳራሽ ሥራውን በሚያዝያ ሊያሳይልኝ ፈቅዷል። እኔ እሺ ለማለት ስሮጥ እቴቴ ያዘችኝ። «መጀመሪያ ወንድሜ ይየው» አለች። «እሱ እንዲህ ያለውን ሲጠብቅ ነው የሚውለው፤ ያውቃል። እሱ ደህና ነው ካለ እሰቀላለሁ።» አዲስ ጫማም ገዝታለች፤ ለመክፈቻው ነው። የእርስዎን አንድ ቃል ነው የምንጠብቀው።

ብልጭታ

የካቲት 25

ለብልጭታ፣

ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልስ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ቀድጃለሁ፤ የቆሻሻ ቅርጫቴ ከእኔ የተሻለ ደራሲ ሆኗል። ይህን ለእቴቴ አታንብቢላት። ጉንፋን ይዞት ነው የቆየው፣ ሰላም ብሎሻል በያት።

ልጄ፣ ምን ነካሽ? የራስሽን ገላ እንደ መጥረጊያ በር ጥግ ብታቆሚው ሥልጣኑ ያንቺ ነው፤ አጨብጭቤልሻለሁ። እህቴ ግን በማታየው ነገር የተስማማች ሴት ናት። ፎቶውን ልታየው የማትችል ሰው ምኑን ፈቀደች ይባላል? እኔ ግን ዓይን አለኝ፣ አየሁት። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ያ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሲታይ፣ ተከራይ ቤት ሲለቅ ግድግዳ አስደግፎት የሚሄደውን አሮጌ ፍራሽ ይመስላል። ከክፍሌ ወለል ላይ ያለው ደግሞ ገናዡ የዘገየበት ሬሳ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሥራዬ ማየት ነው፣ የታየኝን ነገርኩሽ።

አንቺ አዳራሽ የምትዪውን ነገር ከውስጥ አታውቂውም። እኔ ነኝ የማውቀው። ሰዎች እየተጠጉ በሹክሹክታ የሚሉትን ስሰማ ነው የምውለው። አንገት በሌለው ሰውዬ ይስቃሉ። በተኛችው ሴት ሆድ ይስቃሉ። ድንጋይ አይሰማም፣ ሸራም አይሰማም። እህቴ ግን መስማት ነው ሥራዋ። አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ዓይኗ ሳያይ፣ ከገዛ ጀርባዋ አጠገብ ቆማ የሚባልባትን ሁሉ ልትሰማ ነው?

ወንድሟ ነኝ። ደህና ነው አላልኩም። እንዳትሰቅዪው።

በቀረው ሁሉ ፈጣሪ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ጋሼሽ

መጋቢት 22

ለጋሼ፣

ሰላም ነዎት? እኛ አለን።

አታንብቢላት ብለውኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ፖስታውን ይዤ ስገባ ገና ከበሩ «የወንድሜ ነው፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ አውቀዋለሁ» አለችና ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። በጋውን ሁሉ ስትጠብቀው የነበረ ደብዳቤ ነው፤ ምን ልበላት? ወረቀቱን ዘርግቼ ከራሴ ማንበብ ጀመርኩ። «ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ፎቶዎቹ እጅግ ደስ አሰኝተውኛል፣ በተለይ ኮሪደሩ...»

«ብልጭታ» አለችኝ።

«አቤት።»

«መስመሩ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል። ወንድሜን አገናኚኝ።»

ጋሼ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲዋሽ በጆሮዋ ስታስተላልፍ የኖረችን ሴት በድምፅ ላታልል የሞከርኩ ሞኝ እኔ ነኝ። «ጉንፋን ይዞት ነበር ብሏል» አልኳት። «ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፤ ሲገለጥ ሰምቻለሁ። ጉንፋን ሁለት ገጽ አይሞላም። እንዳለ አንብቢው።» አነበብኩት። አንዱንም አልዘለልኩም፤ ብዘልል ታውቅብኛለች። ከዚያ «ድገሚው» አለች።

«የቱን?»

«ፍራሹን።»

ደገምኩላት። «ደህና አድርጎ ነው የጻፈው» አለች። «ድሮም ምሳሌ ያውቅበታል።» ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር፤ ቀኑ ሞቃት ነው። የራሷን ወንበር አልፋ፣ እንግዳ ሲመጣ የምናወጣው ላይ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ነው የምትቀመጠው። ኮሪደሩን በመሃሉ ታልፋለች። ግድግዳ አትነካም፤ ቀለሙ እንዳልደረቀ ነው የምትጠነቀቀው። ጫማዋን ቁጭ ብላ ታወልቃለች። መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን ከውስጥ ትቆልፋለች፤ ቤት ውስጥ እኮ ሁለት ሴቶች ብቻ ነን። ዓይኗ እጇ ነበር፤ እጇን ከግድግዳው ስታነሳው ዓይኗም አብሮ ጠፋ። ትናንት በርጩማው አደናቅፏት ወደቀች። አልተሰበረችም። ላነሳት እጄን ስዘረጋ «ልብሴ ተስተካክሏል?» ነው ያለችኝ።

ለአዳራሹ ኃላፊ ይቅርብኝ ብዬዋለሁ። «የሰዎቹን ሳቅ ፈርተው ነው እንጂ ለክፋት አይደለም» እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ የሳቀ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ የሳቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ደግሜ ባነበው አልልከውም ነበር።

እቴቴ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች በዪው» ብላኛለች። ብያለሁ።

ብልጭታ

ሚያዝያ 5

ለእህቴ፣ በብልጭታ አንደበት፤

ብልጭታ፣ እንዳለ አንብቢላት። እኔም ብሆን መስመሩ ላይ ሌላ ሰው አልፈልግም።

እቴቴ፣ እንዴት ነሽ ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ እንዴት እንዳደረግኩሽ ተነግሮኛል። ተማሪዎቼን «የታሪክ መጽሐፍ ይታረማል፣ ታሪክ ግን አይታረምም» እያልኩ ሳሰለች ኖርኩ። ያቺን የፍራሹን ዓረፍተ ነገር ስጽፋት ቆንጆ መስላኝ ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኳት፤ ፈገግም ብያለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው በእህቱ ጀርባ ላይ ቋንቋ የሚያሳምረው?

የብልጭታ ደብዳቤ ከመጣ ጀምሮ ፎቶዎቹን በኪሴ ይዤ ነው ሥራ የምሄደው። ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ የምጠብቃቸውን ትቼ፣ አንቺን ሳይ እውላለሁ። ከትናንት በስቲያ የክፍሌን ፎቶ አንስቼ፣ ያው ያንኑ ሬሳ ያልኩትን፣ ለምን ጫፉ ላይ ሆነች እያልኩ ስገላብጠው ነገሩ ገባኝ። እኛ እኮ ባንድ አልጋ ነው ያደግነው። እኔ እንዳልወድቅ ግድግዳው በኩል ታስተኚኝና ዳሩን አንቺ ትይዢው ነበር። አልጋው ወጥቷል፣ እኔ ሸምግያለሁ፣ አንቺ ግን ባዶ ወለል ላይ እንኳ ስትጋደሚ የኔን ቦታ አልነካሽም። ከጎንሽ ያለው ያ ሰፊ ባዶ ወለል እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አይቼው ሬሳ አልኩት። ሥራዬ ማየት ነው ብዬ ጽፌያለሁ መሰለኝ። ቢያባርሩኝ አይፈረድባቸውም።

እውነቱን ልንገርሽ? ትቼሽ ስመጣ ጀርባሽ ቀጥ ያለ ነበር። ጣቢያ ድረስ የኔን ሻንጣ አንቺ ነሽ የተሸከምሽው። በየዓመቱ «በሚመጣው ዓመት» እያልኩ ስጽፍ፣ ያ ጀርባ እዚያው እንደ ቆመ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ፎቶው ሲመጣ ሳይነገረኝ የጎበጠ ሆኖ አገኘሁት። ያናደደኝ እሱ ነው። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ደግሞ ልጅቷን ተቆጣሁ።

ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ደክሞኝ ግድግዳውን ልደገፍ ስል አለቃዬ «እሱ አይነካም» አለኝ። ቤትም ስገባ አልደገፍም፤ የቤት አከራዬ ስለቅ ግድግዳውን ነጭ አድርጌ ማስረከብ እንዳለብኝ ውል አስፈርማኛለች። ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩበት ቤት ብትገቢ ሰው ያደረበት አይመስልሽም። ብልጭታ መጥታ ካሜራዋን ብታቆም የምታነሳው የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ፎቶዎቹ ይሰቀሉ፤ ሦስቱም፣ ጀርባውም። ደህና ነው ብያለሁ፤ ቃሌ ይኸው። እንደ ገና ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እንደ ድሮሽ ተደግፈሽ፣ ብልጭታ አንድ ታንሳሽና ይላክልኝ። ጫማሽን ስታወልቂ ልይሽ። በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ አልልም፤ ሰልችቶሻል።

ወንድምሽ

ሰኔ 2

ለወንድሜ፣

የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ብልጭታ ናት። እያለቀሰች ስለምትጽፍ ፊደሉ ቢንጋደድ የኔ አይደለም። ይህን አትጻፊ ስላት ጻፈችው።

ከሁሉ በፊት ጉልበትህ እንዴት ነው? ቅባት ሳትቀባ ደረጃ አትውጣ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ድምፅህን እንዳለ ሰምቼዋለሁ። አልተቀየምኩህም። ቅያሜ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቅያሜ ይበርዳል።

የአዳራሹ ነገር አልፏል። ቃልህ ሲደርስ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ ሸክላ ሠሪ ነው አሉ። ብልጭታ ኃላፊውን ሄዳ ለምናው ነበር። «ለከርሞ ተመለሺ» ብሏታል። እሱም እንዳንተ የሚመጣው ዓመት ያለው ሰው ነው። ጫማውን ሥራ ስትሄድ እንድታደርገው ለብልጭታ ሰጥቻታለሁ፤ ይጠብባታል፣ ግን እኔን ላለማስከፋት ታደርገዋለች።

የአልጋውን ነገር ደርሰህበታል። እኔ አስቤው አልነበረም የተኛሁት። ልብ ካልከው ደግሞ እዚያ ላይ ነው ነገሩ። ማንም አላሰበውም ነበር። ኮሪደሩንም መታጠቢያ ቤቱንም አስቤ አላውቅም፤ ትከሻዬ ነው የሚያውቀው። ብልጭታ ስታነሳኝ ያስደሰተኝ መነሳቱ አልነበረም። ሰው ሁሉ ድምፄን ሲያውቅ እኔን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ኖሬ፣ ለካ ይህ ቤት ያውቀኝ ኖሯል ብዬ ነው። እያንዳንዱ ጥግ «አለሽ» ይለኝ ነበር።

የለመንከኝን አድርገናል። ባለፈው እሁድ ብልጭታ ካሜራዋን ኮሪደሩ ላይ አቆመች። ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁት።

«እቴቴ፣ እንደ ድሮሽ ተደገፊ» አለችኝ።

«ተደግፌያለሁ እኮ።»

«እንደሱ አይደለም። ለቀቅ በዪ።»

«እንዴት ነበር የምደገፈው?» አልኳት።

ልታሳየኝ መጣች፤ እሷም ጠፋባት። የቱን እግር እንደማጥፍ፣ እጄ ወዴት እንደሚሄድ፣ ራሴን እንደምጥል እንደማልጥል ቆመን ተከራከርን። የድሮውን ፎቶ አምጥታ አስተያየችን፤ እሷ እያየች እኔን እንደ ወንበር ታስተካክለኛለች። እጄን አነሳች፣ አገጬን መለሰች። ደክሞን ሁለታችንም ሳቅን። ያ ሳቅ እንኳ ደህና ነበር።

ወንድሜ፣ ዓይኔ ስለደከመ እነዚያን ፎቶዎች አላየኋቸውም ነበር። «ምን እመስላለሁ?» ስላት «ቤቱን» ብላኝ አምኜ ተቀምጬ ነበር። እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየኸኝ አንተ ነህ፤ በቃልህ ነው ያየሁት፤ ዓይንም አያስፈልገውም። አሁን ትከሻዬ ገና ግድግዳ ሲነካ ያው ፍራሹ ይመጣብኛል። ልትሰርዘው መፈለግህን ሰምቻለሁ። እኔም እፈልግ ነበር። ስልክ ማዞሪያ ሳለሁ ሰው እየደወለ «ቅድም ያልኩትን ተመልሼ ልበለው፣ መልሺኝ» ይለኛል፤ መስመሩን እመልሰዋለሁ፣ ቃሉን ግን የመለስኩበት ቀን የለም።

ለእኔ አትዘን። በርጩማውን ብልጭታ ከመንገዴ አንስታዋለች። በትርም ገዝታልኛለች፤ እየለመድኩት ነው። ግድግዳው አከራይ የለበትም። ና፣ ልብህ እስኪጠግብ ተደገፈው፤ ትከሻህ ያወይበው። ይህንን በቁጣ አይደለም የምለው፤ ብልጭታ፣ በቁጣ አይደለም ብለሽ ጻፊ።

የእሁዱ ፎቶ ታጥቦ መጥቷል። ብልጭታ አይታው መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችው፤ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት። አልላክንልህም። አንተ የጠየቅከው እህትህን ነው፤ እዚያ ላይ ያለችው ፎቶ የምትነሳ ሴትዮ ናት።

እህትህ